እርሾ በሻንጣ፣ ጤፍ በፊርማ

መቼም ውጭ የሚሄድ ሰው ሻንጣ የባለቤቱ አይደለም። ቪዛው ተመታ የተባለ ዕለት ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል። ከዚያ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ ‹‹ይቺን ብቻ›› እየተባለ መምጣት ይጀምራል። ‹‹ይቺን ብቻ›› አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኪሎ ናት። እኔም ባለፈው ዓመት ለአሥራ አምስት ቀን ሥልጠና ወደ አውሮፓ ልሄድ ስነሳ ይኸው ደረሰብኝ። ከሁሉ የገረመኝ ግን እዚያው አውሮፓ ማስተርሷን የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ያዘዘችኝ ዕቃ ነው።

‹‹ስሚ፣ እርሾ ታመጪልኛለሽ። ከሰባት ቤት።››

‹‹ከሰባት ቤት? ሠርግ ልትደግሺ ነው?››

‹‹ለእንጀራ አይደለም ባክሽ! ለጥናቴ ነው።››

የምትማረው ማይክሮባዮሎጂ ነው። እኛ ከቦካ ሊጥ ላይ ቀድተን ለሚቀጥለው ቡሆ የምናስቀምጠው ያ ቢጫ ውሃ ለእሷ አንድ ሙሉ መንደር ነው። በዓይን የማይታዩ የእርሾ ፈንገሶችና አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ተጎራብተው ይኖሩበታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገው እርሾና የአዋሽ ሙቀት ያሳደገው እርሾ አንድ ዓይነት ነዋሪ አላቸው ወይ? ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ እርሾስ ከጎረቤት ከተበደረው ይለያል? ጥያቄዋ ይኼ ነበር። ልጅት ጥያቄ ስታነሳ ድሮም ቀላል አይደለችም።

አክስቴ ነገሩን ስትሰማ ደስታዋን አልቻለችውም። ‹‹የኔ እርሾ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው!›› ብላ ለዕድርተኛው ሁሉ አወራች። ከዚያ አንድ ሃይላንድ እርሾ ሞላች፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ አጠበቀች፣ በፌስታል ጠቀለለችው፣ ፌስታሉን ደግሞ በአሮጌ ነጠላ አስራ ለሙከራ እኛ ቤት አስቀመጠችው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ‹‹ጧ!›› የሚል ድምፅ ቤቱን አናጋው። አባቴ ዱላውን ይዞ ወጣ። ሌባ አልነበረም። እርሾው ሲቦካ የሚያወጣው ጋዝ መውጫ አጥቶ ሃይላንዱን ተርትሮታል። ነጠላው እስከ ዛሬ ይሸታል።

አውሮፕላን ውስጥ ቢሆንስ ኖሮ? ብዬ ያሰብኩት ያን ሌሊት ነው። ጋዜጠኝነት የተማርኩትስ ለምኑ ነው ብዬ በማግሥቱ መጠያየቅ ጀመርኩ።

ለነገሩ ናሙና በአየር የሚያመላልሱ ሰዎች ያወጡት መላ አክስቴ ካደረገችው ብዙም አይርቅም። ሦስት ዕቃ ነው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። መጀመሪያ ናሙናውን የያዘው የማያፈስ ብልቃጥ አለ። ብልቃጡ ቢሰበር ፈሳሹን በሙሉ መምጠጥ የሚችል ጥጥ ወይም መሰል ነገር ይከበዋል። ከዚያ ሁለተኛ የማያፈስ ዕቃ፣ ከሱ ውጭ ደግሞ ጠንካራ ካርቶን። ከሕመምተኛ የተወሰደ ተራ ናሙና ከሆነ ጥቅሉ ከ1 ሜትር ከ20 ከፍታ ተጥሎ መፈተን አለበት፤ ካርቶኑም ላይ ‹‹ዩኤን 3373›› የሚል ምልክት በተቀመጠበት አራት ማዕዘን ይለጠፋል። እንደ ኢቦላ ያለ ገዳይ ነገር ከሆነ ቁጥሩ 2814 ይሆናል፤ ሳጥኑም የሚፈተነው ከ9 ሜትር ወድቆ ነው። 9 ሜትር ማለት ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት እንደ መወርወር ነው። ናሙናው እንዳይበላሽ ደረቅ በረዶ ይጨመር ከተባለ ደግሞ የእኛው የሃይላንድ ጣጣ ይመጣል። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አይቀልጥም፣ ይተናል። ሳጥኑን ጥርቅም አድርገህ ከዘጋኸው ይፈነዳል። ስለዚህ ናሙናው ይታሸጋል፣ በረዶው ይተነፍሳል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አስገርሞኛል። በሽታ አምጪ ሊሆን የሚችልን ናሙና በእጅ ሻንጣ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው፤ በዲፕሎማት ቦርሳ መላክም እንዲሁ። አምባሳደር ሁን ሚኒስትር፣ ብልቃጥህን ኪስህ ከትተህ አትሳፈራትም። (በሀገራችን ለባለሥልጣን የማይከፈት አንድ ቦርሳ መገኘቱ በራሱ ደስ ይላል።)

እርሾ ግን በሽታ አያመጣም። በአየር መንገድ ዓይን አደገኛ ዕቃ አይደለም። እንዳይፈስ ካሸጋችሁት፣ እንዳይፈነዳ ካስተነፈሳችሁት በቃ። ደህንነቱ እዚህ ላይ ያልቃል። ሕጉ ግን የሚጀምረው ገና እዚህ ላይ ነው።

በ1998 ዓ.ም የወጣ አዋጅ ቁጥር 482 የሚባል ሕግ አለን። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ‹‹አርክቦት››ን የሚመለከት ነው። አርክቦት የምትለዋን ቃል ሳነብላት አክስቴ ‹‹ረከቦት ነው ያልሽኝ?›› አለች። አልፈርድባትም፤ እኔም መዝገበ ቃላት ገልጫለሁ። ነገሩ ወደ አንድ ሀብት መድረስና እሱን መጠቀም ማለት ነው። አዋጁ ዕፅዋትን ብቻ ሳይሆን እንስሳትንም፣ ረቂቅ ሕዋሳትንም ይይዛል። ስለዚህ የአክስቴ እርሾ የኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት ነው! ለምርምር ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የጉምሩክ ሠራተኛ ፈቃዱን እንዲያይ፣ ፖስታ ቤትና መልዕክት አድራሽ ድርጅቶችም ፈቃድ የሌለውን እንዳይቀበሉ ሕጉ ያዛል። አዋጁን የጣሰ በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል።

ይኸው አዋጅ ማኅበረሰቡ እርስ በርሱ በልማድ የሚጠቀምበትንና የሚለዋወጠውን፣ እንዲሁም ለምግብነት ብቻ የሚሸጠውን ምርት ነፃ ያደርጋል። እንዲህም መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ከጎረቤት እርሾ የተበደረች ሁሉ ወንጀለኛ በሆነች ነበር። እንግዲህ እዩት። አንዱ እርሾ፣ ከአንዱ ጋን፣ በአንዱ ሻንጣ ውስጥ፣ ለምጣድ ከሆነ እርሾ ነው፤ ለማይክሮስኮፕ ከሆነ የሀገር ሀብት ነው። ልዩነቱ ዕቃው ላይ የለም። ልዩነቱ የተቀባዩ ሐሳብ ላይ ነው። ሐሳብን ደግሞ የቦሌ ኤክስሬይ አያነሳም።

እሺ፣ ሕጉ ይከበር አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ለጉዞዬ ሦስት ሳምንት ይቀረኝ ነበርና ፈቃዱን ላወጣ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ‹‹ምግብ ከሆነ እኛን አይመለከትም›› አለኝ። ምግብ አይደለም፣ ለምርምር ነው ስል ‹‹እሱማ ከሆነ ደብዳቤ ያስፈልጋል›› አሉ። ከማን? ‹‹ከሚመለከተው አካል።›› የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ የነገረኝ ሰው ያገኘሁት በአራተኛው ቀን ነው። እዚያ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሌላ ቀን ስመለስ ሥልጠና ላይ ናቸው። በሌላ ቢሮ አንዲት ሴትዮ ገና እርሾ የሚለውን ቃል ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ‹‹ለመሆኑ ማን ነው የላከሽ?›› አለችኝ። ሰላይ የሆንኩ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልገጠመኝም። በመጨረሻ ያገኘኋቸው አንድ ባለሙያ ቁጭ አድርገው በትዕግሥት አስረዱኝ። ተማሪዋ ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ታቀርባለች፣ ጥናቱ በጽሑፍ ይገባል፣ ናሙናው ለምን ብቻ እንደሚውል፣ ለሦስተኛ ወገን እንደማይተላለፍ፣ ውጤቱም ለሀገር እንደሚመለስ የዝውውር ስምምነት ይፈረማል። ሁሉም ነገር ትክክል ነው። አንዱም ሊሰረዝ የሚገባው የለም። ‹‹ስንት ቀን ይፈጃል?›› አልኳቸው። ፈገግ አሉና ‹‹እሱን እንኳ…›› ብለው ተዉት።

ያቺ ‹‹እሱን እንኳ…›› ናት እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ከጓደኞቼ ጋር ይኼን ሳነሳ የማገኘው መልስ አንድ ነው። ‹‹እሰይ! ይጥበቅ! ጤፋችንን እንዴት እንደሰረቁን ረሳሽው?›› ይሉኛል። አልረሳሁትም። እንዲያውም ደግሜ አነበብኩት። ያነበብኩት ግን ጓደኞቼ የሚያስቡትን አይደለም።

ጤፋችንን ማንም በቦርሳ ደብቆ አላወጣውም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ከሀገራችን ሁለት የመንግሥት ተቋማት፣ ከብዝኃ ሕይወት ጥበቃና ከግብርና ምርምር መሥሪያ ቤቶች ጋር ቁጭ ብሎ ውል ተፈራረመ። ያኔ ውሉ ለዓለም ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ተወድሶ ነበር። ኩባንያው ከጤፍ ምርቶች ከሚያገኘው የተጣራ ትርፍ 5 በመቶ በዓመት ከ20,000 ዩሮ ባላነሰ መጠን ለሚቋቋም ፈንድ ሊከፍል ቃል ገባ። ኩባንያው ግን ውሉን ከመፈረሙ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓው የፓተንት መሥሪያ ቤት ፈቀደለት። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ከሠረ። ኢትዮጵያ እጅ የገባው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ነው። አልተሳሳትኩም፣ አራት ሺህ። ፓተንቱ ግን ወደ ሌሎች እጅ ተላልፎ ቀጠለ። በመጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 ‹‹ፈጠራ የለበትም›› ብሎ የኔዘርላንድሱን ፓተንት ሲሽረው ተከራካሪዎቹ ሁለት የዚያው የኔዘርላንድስ ድርጅቶች ነበሩ። በነገራችን ላይ እዚያ ችሎት ውስጥ ኢትዮጵያ ተከራካሪ አልነበረችም።

እስኪ ልብ በሉ። ዘሩ የሄደው በወረቀት ነው፣ በማኅተም ነው፣ በፊርማ ነው። ቦሌ ላይ መቶ ፈታሽ ብናቆም አናስቀረውም ነበር። የጠፋን በሩ ላይ የሚቆም ዘበኛ አልነበረም። የጠፋን ውል የሚያነብ ጠበቃ፣ ከተፈረመ በኋላም በየዓመቱ ‹‹ገንዘቡ የታል? ሪፖርቱስ?›› እያለ የሚጨቀጭቅ ሰው ነበር።

ቡናውም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው የአረቢካ ቡና አገኘን ብለው ዓለምን ጉድ አሰኙ። ወደ 3,000 ከሚጠጉ የኢትዮጵያ ዝርያ የቡና ተክሎች መካከል ሦስቱ ናቸው ካፌይን አልባ ሆነው የተገኙት። ዘሩ ከሀገራችን የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1964 እና 65 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ተልዕኮ ነበር። ያኔ ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ርስት ነው ይባል ነበርና ሕግ የጣሰ ሰው የለም። ዘር የየሀገሩ ሀብት ነው የሚለው ሐሳብ በዓለም ሕግ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 በተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ነው። ስለዚህ በቡናውም ላይ ‹‹ሌባ!›› ብሎ መጮኽ ልብ ያሳርፍ እንደሆነ እንጂ የትም አያደርስም።

‹‹ታዲያ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት ነው የምትዪው?›› ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። አዋጁን እወደዋለሁ። በተለይ አንድ ነገሩን። ምርምሩ እስከተቻለ ድረስ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን ባሉበት ይካሄድ ይላል። ይኼ ኩራት ብቻ አይደለም። ናሙና ሲሄድ ሥራውም፣ ዕውቀቱም፣ በጥናቱ ላይ የሚጻፈው ስምም አብሮ ይሄዳል። ጥር 2012 ዓ.ም ላይ ኮሮና ይኖርባቸዋል ተብለው የተጠረጠሩ አራት ሰዎች ናሙና ለምርመራ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሲላክ ሁላችንም መልስ ጠባቂ ነበርን። ኅዳር 2018 ዓ.ም ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ ሲከሰት ግን ናሙናው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ቫይረሱንም እዚሁ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለየው። በስድስት ዓመት ውስጥ ይኼን ያህል መንገድ ተሄዷል።

እግረ መንገዴን ፖስታ ቤታችንንም ላመስግን። ደብዳቤ የሚጽፍ ጠፋ፣ ፖስታ ቤት ሞተ እያልን ስናላግጥ እሱ ከየወረዳው ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጣሪዎችን አክታና የሕፃናትን የደም ጠብታ እያሸገ ወደ ላቦራቶሪ ሲያመላልስ ኖሯል። ደሙ በወረቀት ካርድ ላይ ተንጠባጥቦ፣ ደርቆ፣ በፖስታ ይሄዳል። በዚያ ካርድ አንድ ጨቅላ ኤች አይ ቪ እንዳለበትና እንደሌለበት ይታወቃል። ማን ምን እንደሚያሽግ፣ ለማን እንደሚያስረክብ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ ስለተነገረው ብቻ የፖስታ ሠራተኛው ይኼን ከባድ አደራ ተወጣው። ሀገር ውስጥ የተቻለ ነገር ወደ ውጭ ሲሆን ‹‹እሱን እንኳ…›› የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ የሌለው በር ደግሞ ሰውን ሌላ ነገር ያስተምረዋል። ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ሳወራ ሁሉም የሚያውቁት ምስጢር አለ። የአፈር ዱቄት በሽሮ ፌስታል፣ የደረቀ ቅጠል በመጽሐፍ ገጽ መሐል፣ ብልቃጥ በካልሲ ውስጥ። እነዚህ ሌቦች አይደሉም። የስኮላርሺፕ ጊዜያቸው እያለቀባቸው ያሉ የራሳችን ልጆች ናቸው። ሁለት ወር ቢፈጅ እንኳ ‹‹ሁለት ወር›› ተብሎ ቢነገራቸው ሁለት ወር አስቀድመው ያመለክቱ ነበር። የሚያስሸሻቸው የጊዜው ርዝመት አይደለም። አለመታወቁ ነው።

ይኼ ጨዋታ ደግሞ መጨረሻው አያምርም። ቶማስ በትለር የሚባሉ በቸነፈር ጥናት የታወቁ አሜሪካዊ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ታንዛኒያ ከሕሙማን የተወሰዱ የቸነፈር ናሙናዎችን በሻንጣቸው ይዘው ቴክሳስ ገቡ። ያው ‹‹ምን ችግር አለው›› ብለው ነው፤ የእሳቸው ዘመን ሳይንቲስቶች እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። በዚያው ዓመት የተወሰነውን ያለ ኤክስፖርት ፈቃድ ‹‹የላቦራቶሪ ዕቃ›› ብለው በመልዕክት አድራሽ ወደ ታንዛኒያ መልሰው ላኩ። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ሠላሳ ብልቃጥ ጠፋብኝ ብለው ሪፖርት ሲያደርጉ ኤፍቢአይ ከተማውን ወረረው። በሻንጣ በማስገባቱ ክስ ነፃ ወጡ፤ ታንዛኒያ በላኩት ጥቅልና ከምርምር ገንዘብ ጋር በተያያዙ ክሶች ግን ተፈረደባቸው። ሁለት ዓመት እስር።  ማንም ሰው በዚያ ብልቃጥ አልታመመም። ካስፈረደባቸው ነገር አንዱ በአንድ ካርቶን ላይ የተጻፈ ቃል ነው።

ታላቅ የሚባሉት ሰውዬ እንዲህ ከሆኑ ካልሲ ውስጥ ብልቃጥ የከተተ የማስተርስ ተማሪያችን ምን ሊሆን ነው? አንድ ቀን አንዱ ቦሌ ላይ ይያዛል። ያን ዕለት ጋዜጦቻችን ‹‹የሀገር ሀብት ሲያሸሽ እጅ ከፍንጅ ተያዘ›› ብለው ይጽፋሉ። እኔም ዴስክ ላይ ብኖር ያንኑ ርዕስ እሰጠው ይሆናል። አምራል፣ ይሸጣል።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አዲስ አዋጅ አልፈልግም፤ አዋጅ ሞልቶናል። አንድ ሰሌዳ ነው የምፈልገው። በር ላይ የሚሰቀል፣ ድረ ገጽም ላይ የሚለጠፍ። ዘር፣ ቅጠል፣ እርሾ ከሆነ እዚህ ግቡ፤ የሰው ደም ከሆነ መጀመሪያ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴውን አስፈቅዱ፤ የከብት ከሆነ የእንስሳት ሐኪሞቹ ጋ ሂዱ። የሚያስፈልገው ወረቀት ይኼ ነው፣ ክፍያው ይኼን ያህል ነው፣ መልሱን በዚህን ያህል ቀን ትሰማላችሁ። መልሱ ‹‹አይቻልም›› ከሆነም በቀኑ ‹‹አይቻልም›› ይባል። በየዩኒቨርሲቲው ደግሞ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ናሙና ማሸግና ወረቀቱን መሙላት የሠለጠነ ሰው ይኑር። ለበሽታ አምጪ ናሙና የሚሰጠው የአየር ጭነት ሥልጠና በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ አጭር ኮርስ ነው፤ ለየዓመቱ ዐውደ ጥናት ከሚበላው የሻይ ቡና ወጪ አይበልጥም። ከዚያ የተረፈውን ጉልበት በር ከመጠበቅ ወደ ውል መጠበቅ አዙሩት። ከዚህ በፊት የወጣው ናሙና ሁሉ የት ደረሰ? ምን ጥናት ወጣበት? የማን ስም አለበት? ይኼን ጠይቆ መዝግቦ የሚይዝ ሰው ከመቶ ፈታሽ ይበልጥብኛል።

ጠንካራ ሀገር ናሙናዋን ተጠቅማ መደራደር እንደምትችል ኢንዶኔዥያ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ከእኛ የተወሰደ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ክትባት ሆኖ ለእኛው በውድ ሊሸጥልን ነው ብላ ናሙና መላክ አቆመች። ብዙ ተወገዘች። ግን ከአራት ዓመት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት አባል ሀገራት የጉንፋን ቫይረስ የሚሰጥ ሀገር ከክትባቱም እንዲካፈል የሚያስችል ማዕቀፍ አጸደቁ። ኢንዶኔዥያ ያደረገችው የታወቀ ጥያቄ ይዛ በአደባባይ ‹‹አልሰጥም›› ማለት ነው። በመስኮቱ ላይ ዝም ብሎ ተገልጋይን ማመላለስ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ወደ እርሾዬ ልመለስ። ጉዞዬ አምስት ቀን ሲቀረው የአክስቴ ልጅ ደወለች። ፕሮፌሰሯ ‹‹የትውልድ ሀገሩ ፈቃድ የታል?›› ብለዋታል። አውሮፓ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ደንብ አለ፤ የሌላ ሀገር የጄኔቲክ ሀብት ላይ የሚመራመር ሰው ናሙናውን በሕጋዊ መንገድ ማግኘቱን ማረጋገጥ አለበት። ወረቀቱ መቼ እንደሚደርስ ብነግራት ኖሮ ትጠብቅ ነበር። አልነገርኳትም፤ እኔም አልተነገረኝም።

ርዕሷን ቀየረች። አሁን የምታጠናው የአጃ ዳቦ የሚቦካበትን የፈረንጆቹን እርሾ ነው። ጥሩ ውጤት እያመጣች እንደሆነ ሰምቻለሁ።

አክስቴ ግን ሃሞቷ አልፈሰሰም። ‹‹ለጥናቱ ቀረ እንጂ ለሆዷ ማን ከለከላት?›› ብላ በአዲስ ዕቃ፣ ግማሹን ብቻ ሞልታ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ በፌስታል አስራ ሰጠችኝ። በርበሬውና ሽሮው መሐል ከተትኩት። ቦሌ ላይ ማንም አልጠየቀኝም፤ የሚጠየቅ ነገርም አልነበረውም፤ እንጀራ ሊሆን የሚሄድ እርሾ ነው። እዚያ ስደርስ ጠብታ አልፈሰሰም። በሦስተኛው ቀን ልጅት ጋግራ አበላችኝ፤ ዓይኑ የወጣ፣ ለስላሳ እንጀራ። ከዚያ ከላዩ ቀድታ በብልቃጥ ፍሪጇ ውስጥ አስቀመጠች፣ ልክ እንደ እናቷ።

ከመኝታ ቤቷ እስከ ላቦራቶሪዋ በብስክሌት አሥር ደቂቃ ነው። እርሾው ያቺን አሥር ደቂቃ መሄድ አይችልም።